ለመንገደኛ ብቻ

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፣ ከደረጃው ጥላ፣
ሞረዴን ዘርግቼ ከጣቢያው በር ኋላ፤
የአዳማ ነፋስ አቧራ ሲያለብሰኝ፣
የብረት ብናኝ ነው እኔን የሚያስነጥሰኝ።

አርባ ሁለት እርከን መውጫው፣ አርባ ሁለት መውረጃ፤
ዕድሜዬን ቆጠርኩት በሰው እግር እርምጃ።
ቀና ሳልል አውቃለሁ ከራሴ በላይ ማን እንዳለ፤
ይኼ የነጂማ ሸበጥ ነው፣ በቲማቲም ሣጥን የዛለ፤
ይኼ የተማሪ ሩጫ፣ ደወል የቀደመው፤
ይኼ ቀስ ያለው ደግሞ ኦቦ ዋቅጅራ ነው፣
ከዘራው ከእግሩ በፊት እርከኑን የሚስመው።

አንድ ሰኞ ጠዋት በር መጣ፣
በፒካፕ ተጭኖ፣ ቀለሙ ያልደረቀ፤
ከበሩም ላይ ጽሑፍ ወጣ፣
«ለመንገደኛ ብቻ» የሚል፤ አንብቦ ሰፈሩ ደረቀ።

ዘበኛው ሹሜ ይባላል፤ ደመወዙ ከወንበሩ ያነሰ፤
«ትኬት» ይላል አፈር አፈር እያየ፣ ድምፁን እየቀነሰ።
ትኬት የሌለው ይዞራል፣ እስከ መኪናው ማቋረጫ፤
ግማሽ ሰዓት በፀሐይ፣
ወይም ሃያ ብር ለባጃጅ፣ የቲማቲም ትርፍ መቅጫ።
ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ መዘውሮች ባሉበት ይዞራሉ፤
እኛ ዞረን ላብ አወጣን፣ እነሱ መብራት ያወጣሉ።
ልጆች ግን መች ይዞራሉ? በሽቦው ሥር ሾልከው፣
ሃዲዱን ይሻገራሉ ባቡሩን ታከው።

ስብሰባ ተጠራ። የጣቢያው ኃላፊ መጡ፣ ሰነድ ይዘው፤
ብረቱ የድርጅቱ ነው አሉ፤ ብሎኖቹም በቁጥር፣ በመዝገብ ተይዘው።
ስርቆትም አለ፣ አደጋም አለ፣ ኬብልም ተቆርጧል።
(እውነታቸውን ነው። የቆራጩን ስም ሰፈሩ ሁሉ ውጧል።)

ኦቦ ዋቅጅራ ተነሡ፣ የድሮው ባቡር ሠራተኛ፣
አንድ ጣታቸውን ሃዲድ የበላው፤ «ልጄ፣» አሉ፣ «ማነው መንገደኛ?
ጂቡቲ ወራጅ ነው ብቻ? ገበያ ወራጇስ ማናት?
ሐኪም ቤቱ ከማዶ ሆኖ፣ ከወዲህ ምጥ የያዛት?
መንገደኛ ማለት እኮ ከቤቱ የወጣ ነው ሁሉ!»
ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ፤ «በጽሑፍ ያቅርቡ» አሉ።

አቀረቡ። ሦስት ጊዜ። መልሱ «በሂደት ላይ» ሆነ፤
«ደብዳቤዬም መንገደኛ ነው፤» አሉኝ፤ «ትኬት አጥቶ በየቢሮው ባከነ።»

እኔስ? እኔን አትጠይቁኝ። ያንን ጓጉንቸር ሲገዙ፣
ሦስት ግልባጭ ቁልፍ እንዲቀረጽ እኔን ነው ያዘዙ።
ሒሳቤን ተቀበልኩ፤ ያን ቀን ሥጋ በላሁ፤
ጥርሱን ግን እስከ ዛሬ በጨለማ እቀርጸዋለሁ።
«አራተኛ ቅረጽልን» ብላ ነጂማ አንድ ማታ ለመነችኝ፤
ሞረዱን አየሁ፤ ዝም አልኩ፤ ሣጥኗን አንሥታ ተወችኝ።

በነሐሴ ኦቦ ዋቅጅራ አረፉ። መቃብሩ ከማዶ፤
አስከሬኑን እድሩ ይዞ መጣ፣ ከባድ ዝናብ ወርዶ።
ሹሜ ተነሣ፤ አፉ ግን ከልማዱ አልተላቀቀ፣
«ትኬት» አለ። ብሎም ደነገጠ፤ ጭራውን ጉሮሮው ላይ አነቀ።
ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተቆጣም፤ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ለወጡ፤
«መንገደኛ ናቸው፤» አሉ የእድሩ ዳኛ፤ «የመሄጃውን ብቻ ቆረጡ።»

በሩ ተከፈተ።
ሰዉ ከበላዬ አለፈ፤ እርከኑን ብዙ ጫማ ደቆሰው፤
የከዘራው ኳኳታ ብቻ ጎደለ፤ ጆሮዬ ፈለገው፣ አልደረሰው።

በማግስቱ ጽሑፉ እዚያው፤ በሩም እንደተዘጋ፤
ሹሜም ከወንበሩ ላይ፤ እንደ ሁልጊዜው ነጋ።
ግን እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፤ ጓጉንቸር ሲንጠለጠል አውቃለሁ፤
የተቆለፈውን፣ የተቆለፈ ከሚመስለው፣ ከሩቅ እለያለሁ።
ተማሪ ሲለቀቅ፣ ገበያ ሲበተን፣ ሹሜን ሽንት ይይዘዋል፤
ረዥም ሽንት ነው፤ ከግንቡ ኋላ ሩብ ሰዓት ያቆየዋል።

ከበላዬ ሸበጥ ይሰማል፣ በቲማቲም ሣጥን የዛለ፤
አንገቴን ደፍቼ እሞርዳለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ ያየሁት የለ።